ከካዘርማው ሊሾ በታች

ለተኪዳን ከከተማው ዳር ካለው ኮንዶሚኒየም ተነስታ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ቴዎድሮስ አደባባይ ስትወርድ፣ ለልጇ ለአርሴማ የምትሰጠው ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ጊዮርጊስን ተሳልሜ ልምጣ። መሳለሙንስ ትሳለማለች። ከዚያ በኋላ ግን እግሯ በራሱ ጊዜ ቁልቁል ወደ እሪ በከንቱ አፋፍ፣ ካዘርማ ወደሚባለው ሰፈር ይወስዳታል። ሰፈር ማለት የአፍ ልማድ ሆኖ ነው እንጂ የቀረው የቆርቆሮ አጥርና ከአጥሩ ወዲያ የተቆለለ ፍርስራሽ ነበር።

ካዘርማ ስሙን ያገኘው ከጣልያኖቹ ነው። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ወታደሮቻቸውን የሚያሳድሩበት ረጅም የድንጋይ ቤት ሠሩ፤ በአንድ መስመር፣ በር በበር የተደረደረ፣ ወለሉ ልሙጥ ሲሚንቶ፣ ሊሾ የሚሉት። ተሸንፈው ሲወጡ ሕዝቡ ገባበት። ኋላም ቀበሌ ክፍሎቹን ቁጥር ሰጥቶ አከራየ። ወታደር ጠመንጃውን ባስደገፈበት ግድግዳ ሥር ሰው ተዳረ፣ ወለደ፣ ታመመ፣ ሞተ። አማኑ የሚሉት የሰፈሩ ቀልደኛ፣ «ጣልያን አምስት ዓመት ኖሮ ስም ተከለበት፤ እኛ ሰማንያ ዓመት ኖረን የደረሰን የቤት ቁጥር ነው» ይል ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ቁጥሩን ከበሩ ነቅሎ ኪሱ ከቶ ሄደ ይባላል።

ካዘርማ ለልማት ይነሳል ከተባለ ቆይቷል። ሲባል ኖሮ፣ ሲባል ኖሮ፣ የሆነ ዕለት ግን ፋታ አልሰጠም። የለተኪዳን ዕቃ አይሱዙ ላይ ሲጫን አርሴማ እናቷን ብትፈልግ ጓዳ ውስጥ፣ ባዶው ሊሾ ላይ፣ መዳፏን ወለሉ ላይ አሳርፋ ተቀምጣ አገኘቻት። ደከመኝ አለች ለተኪዳን። አርሴማም ድካም መስሏት ክንዷን ይዛ አስነሳቻት። በማግስቱ ከሰፈር አንዱ ደውሎ ቤቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መውደቁን ነገራቸው።

ከዚያ ሊሾ በታች የለተኪዳን የበኩር ልጅ ነበረች።

ነገሩ የቀይ ሽብር ዘመን ነው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፤ ለተኪዳንም ስሟን ያኔ ታገኛለች ብላ ሕፃኗን በእናቷ አገር ቋንቋ በትግርኛ «ጓለይ»፣ ልጄ፣ እያለች ብቻ ነበር የምትጠራት። ሰማንያው ሳይሞላ ትኩሳት ያዛት። የታመመ ሕፃን ቀኑ ሳይደርስም ይጠመቃል፤ ነገር ግን ሰዓት እላፊ ታውጆ፣ ቄስ ጠርቶ ማምጣት ቀርቶ ከደጅ ብቅ ማለት የማይቻልበት ሌሊት ነበር። ጎህ ሲቀድ ሕፃኗ ክንዷ ላይ ቀዘቀዘች።

ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ፍትሐት አይደረግለትም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥም አያርፍም። እንዲህ ያለውን የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከአጥሩ ውጪ፣ ዛፍ ሥር ያኖሩት ነበር። ባሏ ሉልሰገድ ያንንም ማድረግ አልሆነለትም። በዚያ ሰሞን ጥቅል ታቅፎ መንገድ የወጣን ሰው አብዮት ጥበቃ በየማዕዘኑ እያስቆመ ጥቅሉን ያስፈታዋል። ሉልሰገድ እስከ ደጅ ወጥቶ ተመለሰ። ግንበኛ ነበር። የጓዳውን ሊሾ በመሮ ቀደደ፣ ቆፈረ፣ ልጁን እንደተጠቀለለች አኖራት፣ ሲሚንቶውን መልሶ አፈሰሰ። እንደ ድሮው አድርጎ ስላለሰለሰው፣ ሲደርቅ ለተኪዳን እንኳ ቦታውን በዓይኗ መለየት አቃታት፤ በመዳፏ ነው የምታውቀው። በዕድሜው ከሠራው ሥራ ሁሉ ያ ሳይበልጥ አይቀርም። እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ንጋት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ብቻ እዚያ ጥግ ላይ እግሩን አሳርፎ አያውቅም ነበር።

ይህን የምታውቅ በሕይወት ያለች ሌላ ሰው አንዲት ብቻ ነበረች፤ የአምስተኛው ክፍል ጎረቤቷ ነሲባ። ነሲባ ከስልጤ አገር በልጅነቷ መጥታ፣ በካዘርማው ጫፍ ሱቅ ከፍታ ያረጀች ሴት ናት። ሰፈሩ ሲፈርስ ልጇ ካሊድ አብነት ካለው ቤቱ ወሰዳት፤ ከዚያም አገሯ ገባች ሲባል ለተኪዳን ሰማች። ስልኳ አይሠራም ነበር።

ስካቫተሩ መሠረቱን ሊነቅል ሲል ሥራው ቆመ። የቅርስ ባለሙያዎች መጥተው፣ የወታደር ማደሪያው መሠረትና ወለል ብዙ ሳይነካ መቆየቱን አይተው፣ አስፋልት ከመልበሱ በፊት ለክተን፣ ፎቶ አንስተን እናስቀረው ብለው ጥቂት ሳምንት ለመኑ። ተፈቀደላቸው። አለቃቸው ዳኒኤል የሚባል ወጣት አርኪዮሎጂስት ነበር፤ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የጠየቀውን ሰው መልስ እስከ መጨረሻው የሚሰማ።

ለተኪዳንን በቆርቆሮው ሽንቁር ስታይ አግኝቷት ወደ ውስጥ ያስገባት እሱ ራሱ ነው። ክንዷን ደግፎ ከቦይ ቦይ እያሻገረ አሳያት። ይህ የወታደሮቹ መታጠቢያ ገንዳ፣ ይህ ዳቦ የሚጋገርበት ምድጃ፣ ይህ ደግሞ ያጠፋ ወታደር የሚታሰርበት፣ መስኮት የሌለው ክፍል። የዛገ የቆርቆሮ ኩባያ፣ የካኪ ልብስ ቁልፍ፣ የተሰበረ የወይን ጠርሙስ በየላስቲኩ ተለይቶ ተቀምጧል። የለተኪዳን ዓይን ግን ከአጥሩ ጥግ ካለው የአፈር ክምር ላይ ነበር። የልጆች ብይ፣ የምድጃ ሸክላ፣ አበባ ያለበት የሳህን ስባሪ፣ አንድ የልጅ ጫማ ተደባልቆ ተጥሏል።

ያስ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው።

ዳኒኤል አፈረ። ፈቃዳቸው ለጣልያኑ ዘመን ብቻ እንደሆነ፣ ከሊሾው በላይ የተገኘው የኋላ ዘመን ስለሆነ እንደ ሙሌት አፈር ተነስቶ እንደሚጣል አስረዳት። እሱ ቢሆንለት ሁሉንም እንደሚመዘግብ፣ ነገር ግን ጊዜውም ሰዉም እንደማይበቃው ጨመረ። ለተኪዳን አልተቆጣችም። የምትፈልገው ሌላ ነገር ነበር።

«ከሊሾው በታችስ ትቆፍራላችሁ?» አለችው።

«ሁሉንም አይደለም፣ እማማ። መሠረቱ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ለማየት አንድ ሁለት ቦታ ብቻ እንከፍታለን።» በእጁ ወደ አራተኛው ክፍል ጓዳ፣ ወደ እሷው ጓዳ፣ ጠቆመ። «እዚያ ጋ ስንመታው ባዶ ነገር ይሰማል።»

ያን ቀን ወደ ቤቷ እንዴት እንደተመለሰች አታስታውስም። ልጄ ናት፣ ስጡኝ፣ ማለት ትችል ነበር። ነገር ግን ተሰጥታ የት ልትወስዳት ነው? ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። ወደ ንስሐ አባቷም ሄዳ፣ የሰው ነገር አስመስላ፣ ያልተጠመቀ ሕፃን አጽም ቢገኝ ምን ይደረጋል ብላ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ካህን ፊቷን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በክብር በአንድ ቦታ ይቀበራል፤ ፍትሐት ግን ሥርዓቱ አይፈቅድም፤ የቀረውን ለእግዚአብሔር ምሕረት እንተዋለን አሏት። ክፉ አልተናገሩም። በአንድ ቦታ ያሉት ግን የት እንደሆነ አልነገሯትም፤ እሳቸውም ያወቁት አይመስልም። አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ የነበራት ቦታ የገዛ ጓዳዋ ነበር። እሱም አሁን የለም።

አጽሙ የተገኘ ዕለት አልነበረችም። ወሬውን የነገራት አማኑ ነው፤ በስልክ፣ ለአንዴ እንኳ ቀልድ ሳይጨምር። ከጣልያኑ ወለል ሥር የሰው አጥንት ወጣ፣ ጣልያኖች የገደሉትን ሰው ቀብረው ሊሾ አፍስሰውበታል፣ ሰማዕት ነው አላት። ትንሽ ነው ይላሉ፣ ሕፃን ሳይሆን አይቀርም አለ።

ስህተቱ ከሰው ክፋት የመጣ አይደለም። ሲሚንቶው ከዳር እስከ ዳር አንድ መስሎ ስለታየ፣ ቆፋሪዎቹ ከሥሩ ያለው ሁሉ ከሲሚንቶው የቀደመ ነው አሉ። ሰዉ ደግሞ የካቲት አሥራ ሁለትን ከአያቶቹ ሲሰማ ያደገ ነው፤ ካዘርማ ሥር አጥንት ተገኘ ሲባል ሌላ ምን ያስብ?

የካዘርማ እድር ሰብሳቢ አቶ ጎይቶም ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እድሩ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኖ፣ ሰው ሲሞት እንኳ የሚመጣው ከግማሽ በታች ሆኖ ነበር። ለዚህ ግን ሁሉም መጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ፣ በተዋሱት አግዳሚ ወንበር ላይ ሲተያዩ አንዱ ሌላውን እያቀፈ፣ የት ደረሳችሁ፣ ውኃ አለ ወይ፣ ሊፍቱ ይሠራል ወይ እያሉ ሲጠያየቁ ለረጅም ጊዜ ስብሰባውን መጀመር አልተቻለም። አቶ ጎይቶም በመጨረሻ ብድግ ብለው፣ ቤታችን ቢፈርስም ያደርንበት መሬት ውስጥ ሰማዕት ተኝቶ ነበር፣ እሱን በክብር ማሳረፍ የእኛ ዕዳ ነው አሉ። ሕፃን ነው ስለመባሉም አነሱ። በየካቲቱ ፍጅት ሕፃን መች ተለየ አሉ። ማንም አልተቃወመም።

የእድሩ ቄስም ተነስተው ሥርዓቱን አስረዱ። የሟቹ የክርስትና ስም ባይታወቅም ፍትሐት ይደረግለታል፤ «ስሙን አንተ የምታውቀው» ተብሎ ይጸለይለታል፤ ከሰማዕታቱ ጎን በቅጥሩ ውስጥ ያርፋል።

ለተኪዳን ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ጎረቤቶቿ ለሰማዕቱ ያለቀሰች መሰላቸው። ስሙን አንተ የምታውቀው። ለስም አልባው ልጇ የተከፈተ በር ከዚህ የተሻለ የለም። ዝም ካለች ጓለይ በከበሮና በጥላ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያለቀሰላት ትገባለች። የሚጠበቅባት ዝም ማለት ብቻ ነበር። ዝም ማለት ደግሞ የምታውቀው ሥራ ነው።

ያን ሰሞን እህል ቀመሰች፤ አርሴማም እናቴ ቀለል አላት ብላ ተደሰተች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ካዘርማ ስትወርድ ዳኒኤል ለብቻው ሲጠብቃት አገኘችው። ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ ከላስቲክ ውስጥ አንድ ነገር አውጥቶ መዳፉ ላይ አሳያት። የሕፃን ሹራብ ቁልፍ ናት፤ ነጭ፣ በአበባ ቅርጽ የተሠራች። ለተኪዳን ከመርካቶ ገዝታ በእጇ የተከለቻት ናት። ከመጮኽ የጠበቃት ምን እንደሆነ አታውቅም።

«ፕላስቲክ ናት» አለ ዳኒኤል። «በጣልያን ጊዜ ይህ ዓይነት ቁልፍ አልነበረም። ሊሾውንም ደግሜ ሳየው አንዱ ጥግ ኋላ የፈሰሰ ነው፤ በደንብ ስለተሠራ ነው ያላየነው። ሕፃኑ ሰማዕት አይደለም፣ እማማ። ከናንተ ከነዋሪዎቹ የአንዱ ልጅ ነው።»

ለአቶ ጎይቶም ነግሯቸው እንደሆነ ጠየቀችው። ነግሯቸዋል፤ ከየትኛው ክፍል ሥር እንደወጣ ግን አላነሳም። አቶ ጎይቶምም ተቆጥተዋል፤ ቁልፍ ከየትም ሊገባ ይችላል ብለውታል። እሱ ግን የማያምንበትን ሊጽፍ አይችልም። ሰማዕት ያልሆነውን ሰማዕት ብዬ ባስቀብር በእውነት የሞቱትን ማቃለል ይሆንብኛል አለ። ቤተሰብ ከተገኘ አጽሙን ያስረክባል። ካልተገኘ በሣጥን ታሽጎ፣ ቁጥር ተጽፎበት መጋዘን ይገባል። ይህን ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር።

«አራተኛው ክፍል በዚያ ዘመን የማን ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

ሳታስበው ከአፏ ወጣ። «የነሲባ ነበር። የእኔ አምስተኛው ነው። እሷ ደግሞ አገሯ ገብታለች፤ አታገኛትም።»

ነሲባን ልትከስሳት አይደለም። የተዘጋ ስልክ፣ የራቀ አገር፣ መንገዱ እዚያ ላይ ያበቃል ብላ ነው። ቤተሰብ ፍለጋው ካልተሳካ እድሩ ያሸንፍ ይሆናል፤ አቶ ጎይቶም ቢሮ ለቢሮ ሮጠው ያስፈጽሙ ይሆናል። ልጇን በቅጥሩ ውስጥ ለማሳረፍ የቀረቻት ተስፋ ይህችው ናት። ዳኒኤል ግን ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። አመሰገናት፣ እስከ ታክሲ ድረስ ሸኛት፣ በማግስቱም መፈለግ ጀመረ።

ነሲባ አገሯ አልነበረችም። ለሕክምና ተመልሳ ልጇ ቤት ተኝታ ነበር። ለተኪዳን ይህን ያወቀችው ካሊድ ራሱ ደውሎ እናቴ ትፈልግሻለች ሲላት ነው። ከአብነት ገባ ብላ ያለችው ቤት ስትደርስ ነሲባን ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፋ አገኘቻት፤ ከስታለች፣ ዓይኗ ግን እንደ ድሮው የሱቅ ዓይን ነው፣ ሰው ከደጅ ሳይገባ የሚመዝን።

«ለተዬ፣ እርጅናሽ አማረብሽ» አለቻት። «ኮንዶሚኒየም ተስማምቶሻል መሰለኝ።»

«አራተኛ ፎቅ ላይ አውጥተው ሰቅለውኝ ምን ይስማማኛል።»

«ለገነት ቀረብሽ በያ።»

ሁለቱም ፈገግ አሉ። ካሊድ ሻይ አቅርቦ ሲወጣ ነሲባ በሩን አስዘጋችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያ የቅርስ ልጅ መጥቶ ነበር። ለተኪዳን ናት የነገረችኝ አለ። አራተኛው ክፍል የእርስዎ ነበር ወይ አለኝ።»

ለተኪዳን ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ምን አልሽው?»

«ምን ልበለው? አዎ አልኩት። ልጄ ናት፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ መውጫ አጥተን ነው እዚያ ያኖርናት አልኩት። አስፈረመኝ፤ ፈረምኩ።»

 ነሲባ እጇን ስባ ያዘቻት።

«አደራ ነው የመሰለኝ፣ ለተዬ። እናንተ ዘንድ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ያኔ ሉልሰገድ ጥቅሉን ይዞ ደጅ ላይ ሲንገዳገድ አይቼዋለሁ። እኛ ዘንድ አንድ ጊዜ እንኳ የተነፈሰ ሕፃን ስም ይወጣለታል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል። ይህን አስበሽ በስሜ የላክሽብኝ መሰለኝ። አላህ ይይልሽ፣ ስንት ዘመን ከጎኔ ኖረሽ ምንም ለምነሽኝ አታውቂም፤ አንድ ቀን ለመንሽኝ ብዬ አለቀስኩ።»

ለተኪዳን አፏን ከፈተች። ልኬብሽ አይደለም፣ የቅርሱን ልጅ ላባርረው ነው ስምሽን የጠራሁት፣ ልትላት ነበር።  ይህን ብትል የነሲባ እንባ ምን ይሆናል? የፈረመችውስ?

«ውሸት ተናገረች እንዳትዪኝ ደግሞ» አለች ነሲባ። «ያንቺ ጡት ሲነጥፍ ካሊድን ባንዱ፣ እሷን ባንዱ ይዤ ከርሜያለሁ። ረሳሽው? በኛ ሕግ ያጠቡት ልጅ ነው። ካሊድን እህትህ ናት ስለው አልዋሸሁም። ወንድሞቿ ይቀብሯታል።»

«አልረሳሁም» አለች ለተኪዳን። 

ርክክቡ ከካዘርማው ቅጥር ውስጥ፣ በፈረሰው መስመር ፊት ነበር። ካሊድ ከሁለት ዘመዶቹ ጋር መጥቷል፤ ነሲባ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች። አቶ ጎይቶምም ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ነሲባን በመስኮት አጽናኗት፤ የተሰበሰበው እድር ተመልሶ መበተኑ ግን ከፊታቸው ይነበብ ነበር። ዳኒኤልን አልፈው ሲሄዱ፣ «አንድ ሰማዕት አግኝተን ነበር፣ አንተ ልጅ። እሱንም ቀማኸን» አሉት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ደክሟቸዋል። 

ሣጥኑ ከሞላ ጎደል የጫማ ካርቶን ያክላል። ዳኒኤል ለካሊድ ከማስረከቡ በፊት ለተኪዳንን ለብቻ ወደ ገንዳው ጥግ ጠራት።

«እማማ፣ ባለቤትዎ ግንበኛ እንደነበሩ አቶ ጎይቶም ነገሩኝ» አላት።

«ነበር።»

«ያ ሊሾ በጣም ጥሩ ሥራ ነው። ሁላችንንም አታሎናል።» ወደ አራተኛው ክፍል ዞሮ አየ። «ከአራተኛው ጓዳ በተረፈው የግድግዳ ቁራጭ ላይም ከኖራው ሥር መስቀል ተሥሎ አይቻለሁ። ፎቶውን ለማንም አላሳየሁም። የጻፍኩትን ማስተካከል እችላለሁ። አንድ ቃል ከነገሩኝ ሣጥኑ ዛሬ ወደ እርስዎ ይዞራል።»

ለተኪዳን ወደ መኪናው አየች። ነሲባ በመስታወቱ ውስጥ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ እየጸለየች ነው። ካሊድ፣ አርባ ሰባት ዓመት የሞላው፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰውዬ፣ ነጭ ጨርቅ በክንዱ ላይ አጥፎ ይዞ እንደ ወጣት ይቁነጠነጣል። አንድ ቃል ብትናገር ሣጥኑ ከእጇ ይገባል። ከእጇ ከገባ በኋላ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ ይዛው ትወጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አታውቀውም። ዝም ካለች ልጇ ዛሬ ስም ይኖራታል፣ ጸሎት ይደረግላታል፣ መሬት ታገኛለች። ብቻ የእሷ አትሆንም።

«ባሌ የብዙ ሰው ቤት ሠርቷል» አለች በመጨረሻ። «የጻፍከው እንደተጻፈ ይሁን፣ ልጄ።»

ዳኒኤል ራሱን ነቀነቀ። ሣጥኑን በሁለት እጁ አንስቶ ለካሊድ ሰጠው። ካሊድ በነጩ ጨርቅ ላይ ተቀበለው። ሣጥኑ ከለተኪዳን ፊት ለፊት፣ እጇን ብትዘረጋ በምትነካው ርቀት አለፈ። አልዘረጋችም።

ወንዶቹ ሕፃኗን ወደ ኮልፌው የሙስሊም መቃብር ወሰዷት። ሴቶቹ ነሲባ ቤት ቀሩ። የካዘርማ ሴቶች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገብተው በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጡ፤ ስንት ዘመን ይህን ደብቀሽ እንዴት ኖርሽ እያሉ ለነሲባ ያለቅሱላት ጀመር። አንዷ ለተኪዳንን በክርኗ ጎሰም አድርጋ፣ አንቺ ጎረቤቷ ሆነሽ አታውቂም ነበር ወይ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻት። አላውቅም አለች። ከዚያ ወረፋዋ ደረሰና ተነስታ ወደ ፍራሹ ቀረበች። ሁሉም ያያታል። ጎንበስ ብላ ነሲባን ጉንጯን ሳመቻት።

«አላህ ያጽናሽ» አለቻት።

«አሚን» አለች ነሲባ። ክንዷን አጥብቃ ይዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም።

ወንዶቹ ሲመለሱ ካሊድ ከበሩ ላይ ቆሞ ቀብሩ መፈጸሙን ተናገረ። ማርያም ብለን ነው ያኖርናት አለ። ስሙን ያወጣችው እናቱ እንደሆነች ተናግሮ ወደ ወንዶቹ ድንኳን ወጣ። ለተኪዳን አጠገቧ ያለው ግድግዳ ላይ ጀርባዋን አሳርፋ ስሙን አንዴ በልቧ አለችው። አፏ አልለመደውም።

ዳኒኤል በክረምቱ መግቢያ ሥራውን ጨረሰ። መሠረቱ እንዳይጎዳ ብለው አሸዋ ሞሉበት፤ በአሸዋው ላይ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ አስፋልት። አሁን መኪና ይቆምበታል። ለተኪዳን አንድ ጊዜ ሄዳ አየችው፤ አራተኛው ክፍል የት ላይ እንደነበር መለየት አልቻለችም፤ ሁለተኛም አልተመለሰችም።

ነሲባ በነሐሴ አረፈች። ለተኪዳን እስከ ሠልስቷ ከልጆቿ ጋር ተቀመጠች፤ እንደ እህት አለቀሰች። ሰዉም እንደ እህት ቆጥሮ አጽናናት።

ዝናቡ ሲያባራ አንድ ቀን ለአርሴማ ጊዮርጊስን ተሳልሜ ልምጣ ብላ ወጣች፤ ግን ታክሲውን ወደ ኮልፌ ያዘች። ከመቃብሩ በር ላይ ሽማግሌ ጠባቂ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በነጠላ የመጣች ክርስቲያን ሴት ሲያይ ተነስቶ በአክብሮት ማንን ፈልገው ነው እማማ አላት። ሕፃን ናት፣ በግንቦት የተቀበረች አለችው።

«ስሟ?»

«ማርያም።»

«ማርያም እዚህ ብዙ አለች፣ እማማ። የማን ልጅ ናት?»

ለተኪዳን ነጠላዋን አስተካከለች። ከበሩ ወዲያ፣ ዝናብ ያለሰለሳቸው ትናንሽ ጉብታዎች እስከ አጥሩ ድረስ ተዘርግተዋል፤ አብዛኛዎቹ ምልክት የላቸውም።

«የነሲባ» አለች።

ጠባቂው እያሰበ በእጁ ወደ አንዱ ጥግ አመለከታትና ከፊቷ ቀድሞ መራት።